ወንድሜና ሁለቱ ካርታዎች

ታላቅ ወንድሜ በወረዳ መሬት አስተዳደር መዝገብ ቤት ይሠራ ነበር። ለአንድ ቦታ ሁለት ካርታ ተሠርቶ አገኘና አመለከተ። ወር ሳይሞላው የዝውውር ደብዳቤ ደረሰው። እናታችን «ልጄ፣ ጠቋሚ ተባልክ እኮ!» ብላ አለቀሰች። ደርግን ላየ ሰው ቃሉ ደም ደም ይሸታል፤ ሕጉም ሌላ ቃል ማጣቱ ይገርመኛል።

ምስክርነትን መደበቅ ኃጢአት መሆኑን በመድረሳ ተምሬአለሁ፤ ለተማሪዎቼም እነግራለሁ። ወንድሜን ግን «ዝም ብትል ይሻልህ ነበር» ያልኩት እኔው ነኝ።

በኋላ አፍሬ የጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003ን አነበብኩ። ማንነትን ምስጢር ማድረግን፣ መኖሪያ መቀየርን ሳይቀር ይፈቅዳል። ነገር ግን ወንጀሉ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ መሆን አለበት። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይህን በምን ይመዝነዋል? ማንነትስ እንዴት ይደበቃል? ፋይሉን የሚያወጣው እሱ ብቻ ነበር! ወንድሜ የፈለገው አዲስ ቤት አልነበረም፤ ጉዳዩ እስኪጣራ ከወንበሩ አለመነሳትን ነበር።

ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ደውዬ ዐፉ እንዲለኝ ለመንኩት። ሳቀና ስለ እናታችን ጤና ጠየቀኝ።