የቮልሷ ማሳ

አሮጌ መኪና መንገድ ላይ ቆማ ስትገኝ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዱ «ባትሪዋ ሞቷል» ይላል፤ ሌላው «ካንዴላዋ ቆሽሿል» ይላል፤ ሦስተኛው ምንም ሳይናገር ያገኘውን ሽቦ ሁሉ ይጎትታል። የብረት ሕመም እንኳ ለዓይንና ለጆሮ ስለሚገለጥ ክርክሩ ቶሎ ያበቃል፤ የተሰበረው ይታያል፥ የላላው ይንኳኳል። የኤሌክትሪክ ሕመም ግን አይታይም፥ አይሰማም። ስለዚህ ባለጋራዡ እንደ ልቡ ይተነብያል፤ ባለመኪናው ደግሞ ለትንቢቱ ሁሉ ይከፍላል።

ለዚህ ምስክሬ የአጎቴ ቮልስዋገን ናት። የተሠራችው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ነው። ፋብሪካው የዚህ ዓይነቷን የመጨረሻ መኪና በ2003 ሜክሲኮ ላይ ሠርቶ ካቆመ በኋላም እርስዋ በደሴና በወልድያ መካከል ስትመላለስ ኖራለች። ሕመሟ አንድ ነበር፤ ቁልፍ ሲዞር «ቀጭ» ትላለች እንጂ ሞተሯ አይነሣም። ተገፍታ ስትነሣ ግን እንደ ጤነኛ ትሮጣለች። አጎቴ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዷት፤ ባትሪ ተለወጠላት። በወሩ ያው ሆነ። ሞተሪኖዋ ተፈትቶ ታደሰ። ያው ሆነ። ሁለተኛ አዲስ ባትሪ ተገዛ። አጎቴ በወር ደመወዝ የሚተዳደሩ ሰው ስለሆኑ የዚያን ዓመት የልጆች ልብስ ቮልሷ በላችው ማለት ይቻላል።

በ2012 ዓ.ም. አክስቴ የላሊበላ ስለት ስለነበረባቸው ለገና ሦስታችን ከወልድያ ተነሣን። እኔ ያን ጊዜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። የድልብን ዳገት ወጥተን፥ ቆንን አልፈን ጋሸና ደረስን። ጋሸናን ለማያውቅ አንባቢ፥ ቻይናዎች ከወልድያ እስከ ወረታ በሠሩት መንገድ ላይ ያለች፥ የላሊበላው መገንጠያ የሚገኝባት፥ ከፍታዋ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ የደጋ ከተማ ናት። የታኅሣሥ ነፋሷ ጋቢን ይበሳል። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ መኪናዪቱ «ቀጭ» አለች። ብርድ የባትሪን ጉልበት እንደሚቀንስ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ በዙሪያችን የተሰበሰበው ሕዝብ በአንድ ድምፅ በባትሪው ላይ ፈረደ። ከመካከላቸው አንድ ነጋዴ ግን ፍርዱን ሰምቶ «ለብረቷ ያህል እከፍላለሁ፤ እናንተ በሚኒባስ ሂዱ» አለ። የአጎቴ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ላሊበላ ገና 64 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል።

«አጎቴ፥ ግማሽ ሰዓት ይስጡኝ» አልሁ።

«ሁለት ባትሪ የበላች መኪና በግማሽ ሰዓት ምን ትሆናለች ብለህ ነው? ቢሆንም ሞክር፤ አክስትህ ግን በብርድ እንዳትሞትብኝ።»

መሣሪያዬ ሁለት ሽቦ የተበየደባት ባለ 5 ዋት አምፖል ብቻ ነበረች። የቮልስ ባትሪ ከኋላ መቀመጫ ሥር ስለሆነ አክስቴ ወርደው መቀመጫው ተነሣ። አምፖሏን በባትሪው ሁለት ራሶች ላይ ሳኖራት ደምቃ በራች። ከዚያ ከመኪናዋ ሥር ገብቼ አንዱን ሽቦ በሞተሪኖው ትልቅ ብሎን፥ ሁለተኛውን በካምቢዮው ብረት ላይ አደረግሁ። አሁንም ደምቃ በራች። ጋራዡም ምናልባት እዚህ ድረስ ደርሶ ይሆናል። እኔ ግን «አጎቴ፥ አሁን ቁልፉን ያዙሩ» ብዬ ጮኽሁ። «ቀጭ» ሲል አምፖሏ ደበዘዘች።

እንግዲህ ጉልበቱ የሚጠፋው ሲሄድ ነው ወይስ ሲመለስ? አንዱን ሽቦ በሞተሪኖው ብሎን ላይ እንዳለ ትቼ ሁለተኛውን ወደ መኪናዋ ቦዲ አዛወርሁና ቁልፉ ደግሞ እንዲዞር አደረግሁ፤ አምፖሏ እንደ በራች ቀረች። መሄጃው ጤነኛ ነው ማለት ነው። በመጨረሻ አንዱን ሽቦ በካምቢዮው፥ ሁለተኛውን በቦዲው ላይ አኖርሁ። ሁለቱም ማሳ ስለሆኑ በመካከላቸው አምፖል መብራት አይገባውም። ቁልፉ ሲዞር ግን ቀላ ብላ በራች! (ማሳ፥ ካንዴላ፥ ቦቢና፥ ሞተሪኖ የምንላቸው ሁሉ የጣሊያን ቃላት ናቸው፤ ጣሊያን ወጥቶ ጋራዡ ውስጥ ቋንቋው ቀርቷል።)

ምክንያቱን ለማስረዳት ከኦም ሕግ በላይ አያስፈልግም። የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ በጎማ ላይ ስለተቀመጡ ከቦዲው ጋር በኤሌክትሪክ የሚያገናኛቸው ከሽቦ የተጎነጎነ አንድ ጠፍጣፋ ማሰሪያ ነው። ይህ ማሰሪያ ዝጎ 0.05 ኦም ያህል ተቃውሞ አበጀ እንበል። አምፖሏ የምትስበው 0.4 አምፔር ብቻ ስለሆነ የሚጠፋባት 0.02 ቮልት ነው፤ ይህን ማንም ዓይን አይለየውም። ሞተሪኖው 100 አምፔር ሲጠይቅ ግን ከ12ቱ ቮልት 5ቱ እዚያው ማሰሪያው ላይ ይቀራሉ። ተገፍታ ስትነሣ ደኅና የምትሄደውም ለካንዴላዎቹ የሚያስፈልገው ጥቂት አምፔር ስለሆነ ነው። በሰላም ጊዜ የተመረመረ ማሰሪያ ሁሉ ጤነኛ ይመስላል።

ሌላም ምልክት ነበር። እጄ የፍሪሲዮኑን ሽቦ ሲነካ በዚያ ውርጭ ውስጥ ሞቆ አገኘሁት። ኤሌክትሪኩ መመለሻ ሲያጣ በፍሪሲዮንና በነዳጅ መስጫ ሽቦዎች በኩል እየሾለከ ያግላቸው ነበር። አጎቴ «ነዳጅ መስጫው እየያዘ አስቸገረኝ» ሲሉ ወራት አልፈዋል፤ ይህን ከባትሪ ጋር ያገናኘው ሰው ግን አልነበረም።

ማሰሪያው አረንጓዴ ዝገት በልቶት በጥቂት ክሮች ተንጠልጥሏል። በዚያ ያለፈ አንድ የአይሱዙ ሾፌር አሮጌ የባትሪ ኬብል ሰጠን፤ ገንዘብ ብንሰጠው እምቢ አለ። ቀለሙንና ዝገቱን በካቻቢቴ ፍቄ፥ ብረቱ ነጭ ሲሆን ኬብሉን ከካምቢዮው ወደ ቦዲው አሰርሁት። አጎቴ ቁልፉን አዞሩ፤ «ቀጭ» ሳይሰማ ሞተሩ ተነሣ። አክስቴ እልል አሉ። ነጋዴው ጥቂት ቆሞ አየና ወደ ሻይ ቤቱ ተመለሰ።

ያን ዕለት ማታ ላሊበላ ገባን፤ አክስቴም ስለታቸውን አገቡ። ያለ ጥፋቱ የተሻረው የመጀመሪያው አዲስ ባትሪ ደግሞ መብራት ሲጠፋ የአጎቴን ሬዲዮ ሲያናግር ቆየ።