ስሙን ስቀይር ባካፑ ጠፋ

የዛሬው ስለ ወረቀታችን ነው፣ ርዝመቱን ታገሡኝ።

ብዙዎቻችሁ የትምህርት ማስረጃችሁንና የመታወቂያችሁን ስካን እኔ ዘንድ አስቀምጣችኋል። ላፕቶፔ እዚሁ ጅቡቲ ከተማ ያገለገለ የገዛሁት፣ ኪቦርዱ የፈረንሳይ፣ ኤ ስትነኩ ኪው የሚጽፍ ነው። ባካፑን የሚሠራልኝ ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ፋይል ሂስትሪ ነው። ሃርድ ዲስክ ከተሰካለት በየሰዓቱ ቅጂ ያስቀምጣል።

ባለፈው ወር ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ አንድ ወዳጄ "ስምህ ከነአባትህ ዋይፋዩ ላይ ይታያል እኮ!" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ኮምፒውተሩን በሙሉ ስሜ ሰይሜው ነበር። ለምን እንደደነገጥኩ ለእናንተ አላስረዳም። ወዲያው ስሙን ቀየርኩ። ከዚያ በኋላ ባካፑ ቆመ፤ አጥፍቼ እንደ አዲስ አስጀመርኩት፣ ሠራ፣ ረሳሁት።

ማክሰኞ ዕለት ከባልባላ አንዲት እህታችን መጣች። "መምህር፣ ሐሙስ ቀጠሮ አለን፣ የልጁን ወረቀት ይዛችሁ ኑ ተብለናል።" የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤቱ ዋናው መንገድ ላይ ቀርቷል። ቅጂው ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። ላፕቶፑ ላይ የነበረውን ደግሞ ቦታ ለማስለቀቅ እኔው አጥፍቼዋለሁ፣ ሃርድ ዲስኩን ተማምኜ።

ሃርድ ዲስኩን ሰካሁ። ፋይል ሂስትሪው የሚያሳየኝ ያለፉትን ሦስት ሳምንታት ብቻ ነው፣ ከዚያ በፊት ባዶ። ቬንቲላተሩ ፊቴ ላይ እየነፋ አላበኝ። ለእሷ "ነገ ተመለሺ" አልኳት። ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ ጋ ብወስደው "ዲስኩ ተበላሽቷል፣ ፎርማት ይደረግ" አለ። ከእጁ ነጥቄ ተመለስኩ።

ማታ ፋይል ሂስትሪውን ትቼ ዲስኩን ራሱን ከፈትኩት። ፋይል ሂስትሪ የሚል ፎልደር አለ፣ በውስጡ የተጠቃሚው ስም፣ በዚያ ውስጥ ሁለት ፎልደሮች ጎን ለጎን፦ አንዱ በኮምፒውተሩ አሮጌ ስም፣ አንዱ በአዲሱ። ለካስ ቅጂውን የሚያስቀምጠው በማሽኑ ስም ነው። ስሙ ሲቀየር ሌላ ማሽን መስሎት ከዜሮ ጀምሯል። አሮጌው እዚያው አለ፣ የሚጠይቀው ግን የለም።

ይሄ ነገር አዲስ ሆነባችሁ? ግርማ የሚባል ሰው አገር ቤት በእንግሊዝኛ በጂ እና በአይ ይጻፋል። እዚህ ፈረንሳይኛ የለመደ ጸሐፊ "ዢርማ" ተብሎ እንዳይነበብ መሐሉ ላይ ዩ ይጨምርበታል። በዚች አንዲት ፊደል ሁለት ፋይል የወጣለት፣ ሁለተኛው ላይ "ከዚህ በፊት አልተመዘገብክም" የተባለ ሰው አውቃለሁ።

እንዲህ ከገጠማችሁ በአሮጌው ስም ፎልደር ገብታችሁ ዳታ፣ ሲ፣ ዩዘርስ እያላችሁ ውረዱ። ፋይሎቹ ስማቸው መጨረሻ ላይ ቀንና ሰዓት ተለጥፎባቸዋል። ሰዓቱ ዩቲሲ ስለሆነ 3 ጨምሩበት፦ 7 ካለ በጅቡቲ ከጠዋቱ 10፣ በእኛ አቆጣጠር 4 ሰዓት ነው። የምትፈልጉትን ኮፒ አድርጋችሁ አውጡ፣ የፎልደሮቹን ስም ግን አትንኩ። ፎርማት የሚላችሁን አትስሙ።

ረቡዕ አትሜ ሰጠኋት። ሐሙስ ሲሄዱ ቀጠሮው ተራዝሟል ተባሉ፣ እሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ኮምፒውተሩን ወደ አሮጌ ስሙ አልመልሰውም። የሁላችሁም ወረቀት አለ፣ አንድ በአንድ አይቻለሁ። ግን እኔ ጋ ብቻ አይቀመጥ፣ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ። ዓርብ ከሰዓት ቤት ነኝ።