ከፊርማው በላይ

ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ተነሥታችሁ የምትቀበሉት ፖስታ ውስጥ፣ ከፊልሙ ጋር በእንግሊዝኛ የተጻፈ የምርመራ ውጤት አለ። ከታች የራዲዮሎጂስቱ ፊርማና ማኅተም ይታያችኋል። ጽሑፉን የተየበው ግን ሁልጊዜ ሐኪሙ አይደለም፤ እንደኔ ያለች ጸሐፊ ልትሆን ትችላለች።

የምኖረው ቡራዩ ነው። ጠዋት ከአሸዋ ሜዳ ታክሲ ተሰልፌ በአስኮ በኩል አዲስ አበባ እገባለሁ፤ ከዚያ እስከ ማታ ጆሮዬ ላይ የሐኪም ድምፅ ነው። አንዱ ረጋ ብሎ ይናገራል፣ ሌላው ምሳ ሰዓት ሲደርስ ነፍሱ እስክትወጣ ይሮጣል።

ከቃላቱ ሁሉ የምፈራው «ሃይፐርዴንስ» እና «ሃይፖዴንስ» የሚባሉትን ነው። ለጆሮ መንትያ ናቸው። በጭንቅላት ሲቲ ስካን ላይ የመጀመሪያው ነጣ ብሎ የሚታይ ነው፤ አዲስ የፈሰሰ ደም እንዲህ ይታያል። ሁለተኛው ጠቆር ያለ ነው፤ ደም ያጣ የአንጎል ክፍል ሰዓታት ሲያልፉት እንዲህ ይሆናል። ለአንዱ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል፣ ሌላውን ያው መድኃኒት ሊገድለው ይችላል።

በጀመርኩ ሰሞን «ቀኝ ኩላሊት» የተባለውን «ግራ» አድርጌ ሰጠሁ። ጊዜ ለመቆጠብ ያለፈውን ታካሚ ሪፖርት ገልብጬ ልዩነቱን ብቻ ማረም ለምጄ ነበር። ሐኪሙ ሊፈርም ሲል አየው። አልተቆጣኝም፤ ስክሪኑን ወደኔ አዞረና «ጠጠሯ በየት በኩል ናት?» አለኝ። «በግራ» አልኩ። የታካሚው ቀኝ ጎን ምስሉ ላይ በእኛ ግራ በኩል እንደሚታይ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። መገልበጡን ተውኩ። አሁን ከሁሉም ዘግይቼ የምጨርሰው እኔ ነኝ፣ ይህም በየወሩ ያስወቅሰኛል።

አምና እናቴ ሰበታ አክስቴ ቤት ወድቃ ጭንቅላቷን ተመታችና እኛው ጋ ተነሣች። ውጤቷን ለባልደረባዬ ሰጠሁ። «አንቺ ነሽ የጻፍሽልኝ?» አለችኝ ፖስታውን ይዛ።

«አይደለሁም እማዬ።» እጄ የተባለውን ትቶ የምመኘውን እንዳይጽፍ ፈርቼ ነበር።

እናንተም ፖስታውን ስትቀበሉ እዚያው በር ላይ ክፈቱት። ስማችሁን፣ ዕድሜያችሁንና የታመመው ጎን ቀኝ ይሁን ግራ እዩ። ለዚህ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ካልተስማማ መልሱልን፤ አንቀየማችሁም።