ስለ ጥይት ፍጥነትና ስለ ሰቆጣ ብርድ

ከሰቆጣ ተነሥቶ ወደ ተከዜ የሚወርድ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ይጀምርና፣ ቆላ ሲደርስ በበቅሎው ላይ ጭኖት ይሄዳል። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ የወንዙ ሸለቆ ከእርስዋ በሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። እኛ ሁለት ወንድማማች በልጅነታችን ይህን መንገድ ከአጎታችን ጋራ ብዙ ጊዜ ተመላልሰንበታል፤ የምንጽፈውም በዚሁ መንገድ ላይ ስለ ተጀመረ አንድ ጠብ ነው።

አጎታችን ምንሽር ነበራቸው። ጥይቱን የገዙት ከአክስታችን ባል፣ ማለት ከገዛ እኅታቸው ባል ነው። በሚያዝያ ሙቀት በአበርገሌ ቆላ ሲሞክሩት ኢላማቸውን አልሳቱም። በታኅሣሥ ግን ሰቆጣ ላይ፣ ሣሩ አመዳይ ለብሶ በነበረበት ማለዳ፣ በሰው ፊት ከ200 ሜትር ያህል ወደ አንድ ድንጋይ ተኩሰው ከድንጋዩ በታች በስንዝር ዝቅ ብሎ አፈሩን መታ። ደገሙት፤ ያው ሆነ። የነፈሰበት ባሩድ አታሎ ሸጠልኝ ብለው ተነሡ። አማቻቸውም በልጆቻቸው ስም ምለው ካዱ። ከዚያ ቀን ወዲያ ሁለቱ ሰዎች በሰርግም ሆነ በተዝካር በአንድ ገበታ አልተቀመጡም። አክስታችን ወንድማቸውን የሚያገኙት በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ብቻ ሆነ።

ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ በአንድ የተኩስ ሜዳ የጥይት ፍጥነት ሲለካ ተመለከትን። ሁለት ዐይኖች ያሉት መሣሪያ በአፈሙዙ ፊት ይቆማል፤ ጥይቱ በፊተኛው ዐይን ላይ ጥላውን ጥሎ ሲያልፍ ሰዓቱን ያስጀምራል፣ በሁለተኛው ላይ ሲያልፍ ያቆመዋል፤ ርቀቱ ለጊዜው ሲካፈል ፍጥነቱ ይገኛል። ማለዳ ከቀዝቃዛ ሣጥን የወጣው ጥይት በሴኮንድ 600 ሜትር ያህል ሄደ፤ ቀትር ላይ ፀሐይ የመታው የዚያው ሣጥን ጥይት ግን 15 ሜትር ያህል በለጠው። የሞቀ ባሩድ ፈጥኖ ስለሚነድ በቀለሁ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራልና ነው።

ይሁን እንጂ መሣሪያውም የራሱ ጠባይ አለው። ደመና ሲያልፍ አንዱን ጥይት ጨርሶ ሳያየው ቀረ። ወደ አፈሙዙ አብዝተው ሲያስጠጉት ደግሞ የባሩዱ ንፋስ ቀድሞ ቀሰቀሰውና የማይታመን ቁጥር አወጣ። የያዘው ሰው ስቆ፣ «የሮጠው ጥይቱ አይደለም፤ መሣሪያው ደንግጦ ነው» አለን። በሁለቱ ዐይኖች መካከል ያለው 1 ሜትር በ5 ሚሊሜትር ብቻ ቢሳሳት፣ ከ600ው ላይ 3 ሜትር ይዛባል። እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1742 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው መለኪያ የተንጠለጠለ ከባድ እንጨት ነበር፤ ጥይቱ ሲመታው የተወዛወዘውን ያህል አይቶ ያሰላል። እርሱን እንኳ ደመና አያውከውም።

ይህን ስንሰማ የልጅነት ትምህርት ቤታችን ቴርሞሜትር ትዝ አለን። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ሲል የሰቆጣው ውሃ በ93 ገደማ ስለ ፈላ፣ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ተብሎ ወደ ሣጥኑ ተመለሰ። እርሱ ግን ደኅና ነበር፤ ከፍታችንን ነበር የነገረን።

ማታ ወረቀት አውጥተን አሰላን። በቆላውና በደጋው መካከል የ25 ዲግሪ ልዩነት ነበረ ብንል፣ ፍጥነቱ 15 ሜትር ያህል ይቀንሳል፤ ይህም በ200 ሜትር ላይ ጥይቱን ዝቅ የሚያደርገው በሁለት ጣት ያህል ብቻ ነው። የደጋው አየር ስስ ስለሆነ ጥይቱን በመጠኑ ቢረዳው እንጂ አያዘገየውም። እንግዲህ ብርዱ የሚከፍለው ሁለት ጣት ነው፤ ስንዝሩ ግን አልተከፈለም።

አጎታችን በዚያን ጊዜ ሞተው ነበር። ስለዚህ ስሌቱን ይዘን ወደ አክስታችን ባል ሄድን። ሽማግሌው ወረቀቱን ገልብጠው አዩና፣

«ሁለቱ ጣት የብርዱ ይሁን። የቀረውስ፣ ልጆቼ?» አሉን።

«እጃቸው ተንቀጥቅጦ ይሆናል» አልናቸው።

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። «ያን ማለዳ ጋቢውን ለእናንተ ለሁለታችሁ አልብሶ፣ እርሱ በእጀ ጠባብ ብቻ ነበር የቆመው። ረሳችሁት?»

ረስተነው ነበር።