ከዱባይ እስከ አጅማን



ከዱባይ ተነሥቶ በሻርጃ በኩል አጅማን መድረስ ሩቅ አይደለም፤ በሥራ መውጫ ሰዓት ግን መንገዱ ይረዝማል። ኪራዩ ስለሚቀንስ ብዙ እናቶች ዱባይ ሠርተው ሻርጃና አጅማን ያድራሉ። አጅማን ከሰባቱ ኤምሬቶች በስፋት ትንሿ ናት፤ ከልጆቻችን አንዳንዶቹ ግን ዓይናቸውን የገለጡት በእርሷ ነው።

እናት ገና ሳይነጋ ትወጣለች፤ ልጇ በጎረቤት እጅ ይውላል። ማታ ስትመለስ ተኝቶ ታገኘዋለች። አማርኛውን፣ ጸሎቱን ማን ያስተምረው?

አጋርም አገልጋይ ነበረች። በምድረ በዳ ውኃው ቢያልቅባት ልጇን ከቁጥቋጦ ሥር ትታ አለቀሰች። እግዚአብሔር የብላቴናውን ድምፅ ሰማ፤ ዓይኗንም ገልጦ የውኃ ጉድጓድ አሳያት።

እናንተም ያላችሁን ጉድጓድ እወቁ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ከነደመወዙ ዕረፍት ይሰጣል፤ ያን ቀን ለልጃችሁ አድርጉት። በዚያው ዓመት የወጣው የልደት ምዝገባ ሕግ ደግሞ አባት ባይገኝ እናት ብቻዋን ለፍርድ ቤት አመልክታ የልጇን የልደት ወረቀት እንድታወጣ ይፈቅዳል። ልጅ በደል የለበትምና አትደብቁት፤ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ለጥምቀት አምጡ።

የአጋርን ልጅ ድምፅ የሰማ አምላክ የልጆቻችሁን ድምፅ ይስማ። አሜን።