«ተቀይሯል» ያሉኝ ፍሬን

መኪና የያዘ ሁሉ ሀብታም ይመስላችኋል? ኧረ በፍጹም! አንዳንዷ እንደኔ የእናቷን አሮጌ መኪና እየነዳች፣ ደሞዟን ነዳጅና ጎማ እየተቀራመቱባት የምትኖር ናት። በዚያ ላይ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያለችንን መኪና እንደ ዓይን ብሌን መጠበቅ ግድ ሆኗል።

እኔም ለዚህ ብዬ ነው የሰፈሩን ጋራዥ ትቼ ይህቺን መኪና አስመጥቶ የሚሸጠው ድርጅት ሰርቪስ ክፍል ስወስዳት የቆየሁት። ስሙ ይቅር። ዋጋው ሰማይ ነው፤ ግን «ኦሪጅናል መለዋወጫ፣ የሠለጠነ መካኒክ» ይባላል። ወለሉ ያብረቀርቃል፣ ማኪያቶም ይጋብዛሉ።

ባለፈው ግን ጉድ ሠሩኝ! ፍሬን ስይዝ «ሲጥጥ» የሚል ድምፅ ነበራትና ነገርኳቸው። ተቀባዩ ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ መዘገበው። ማታ ስሄድ ሒሳቡ ላይ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ «የፊት ፍሬን ሸራ ቅያሬ» የሚል ሠፍሯል። ከፍዬ ወጣሁ።

እሁድ እማዬን ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ይዣት ስመለስ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ያው «ሲጥጥ» መጣ። «ልጄ፣ ተሠርቷል አላልሽኝም?» አለች እማዬ፣ የበሩን እጀታ ጨምድዳ ይዛ። ማርሽ ቀንሼ፣ እግዜርን እየለመንኩ ወረድኩ።

ሰኞ በጠዋት ከች አልኩላቸው።

«የኔ እህት፣ አዲስ ሸራ እስኪላመድ ይጮኻል» አለኝ ልጁ።

እውነቱን ነው፣ አዲስ ሸራም ሊጮኽ ይችላል። ለዚህ እኮ ነው በዓይኔ ልየው ያልኩት! አሮጌውን አሳየኝ ስለው «ተጥሏል»። ጎማውን ፍቱልኝና ልየው ስል «ደንበኛ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ምርመራም ያስከፍላል»። ማኪያቶ ግን ጋበዘኝ።

በቀጥታ ወደ ሰፈራችን መካኒክ ሄድኩ። ጋሼ ክሪኩን አስገብተው ጎማውን ፈቱና «ነይ እዪው» አሉኝ። አዲስ ሸራ ውፍረቱ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የኔዎቹ 2 እንኳ አይሞሉም። ሸራው ላይ የተያያዘች ትንሽ ቀጭን ብረት ደግሞ አሳዩኝ። ሸራው ሲያልቅ ዲስኩን እየነካች እንድትጮኽ ተብላ የተሠራች ናት። እሷ ጮኻ የሚሰማት ካጣች ብረት ከብረት ይጋጫል፣ ዲስኩ ይቦረቦራል፣ ፍሬኑም አልይዝ ይላል።

«እሷማ ሥራዋን ሠርታለች» አሉ ጋሼ።

አዲስ ሸራ አስገጠምኩና አሮጌዎቹን በጋዜጣ ጠቅልዬ ወንድሜን አስከትዬ ተመለስኩ። የክፍሉ ኃላፊ «ይሄ ከመኪናዋ መውጣቱን በምን እናውቃለን?» አለ። «እሺ፣ አዲሱ ሸራ ከመጋዘን የወጣበትን ወረቀት አሳዩኝ» አልኩ። ቢፈለግ ቢፈለግ የለም! ይኼኔ ሰውዬው ወደ ወንድሜ ዞረና «ወንድሜ፣ የኮምፒውተር ስህተት ነው» አለው። ወንድሜ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለው! ጠያቂዋ እኔ፣ ከፋይዋ እኔ፣ መልሱ ለሱ።

የሸራው ገንዘብ ተመለሰልኝ። «ይቅርታ» የሚል ቃል ግን ከማንም አፍ አልወጣም። ኮምፒውተሩ እማዬን ይዞ ቁልቁለት አይወርድ፣ ምን ቸገረው?

እናንተዬ፣ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድም መብት አለው ይላል። ስለዚህ «አሳዩኝ» ማለት ጭቅጭቅ አይደለም፤ መብት ነው። እኔ ዛሬ የትም ጋራዥ ስሄድ እንዲህ አደርጋለሁ፦

መኪናዋን ሳስረክብ ችግሩን በራሴ ቃል ጆብ ካርዱ ላይ አስጽፌ ኮፒውን እይዛለሁ። የሚቀየረው ዕቃና ዋጋው ከሥራው በፊት በጽሑፍ ይሰጠኝ እላለሁ፤ ሳይደወልልኝ ምንም እንዳይጨመር። የሚወጣው አሮጌ ዕቃ ለኔ እንዲመለስ አስቀድሜ እናገራለሁ። በመጨረሻም ሒሳብ ሳልከፍል መካኒኩን ከጎኔ አስቀምጬ አንድ ዙር እነዳለሁ።

ይህን ስጠይቅ ፊቱን የማያጠቁር ጋራዥ የታማኝ ጋራዥ ነው። ጋሼ ጋ የሚያብረቀርቅ ወለል የለም፤ ወንበሩም አሮጌ ጎማ ነው። ግን «ነይ እዪው» ይላሉ። ማኪያቶው ይቅርብን፣ ሸራውን አሳዩን!