ስለ ቤዛዊት ኮረብታና ስለ ኳስ ጨዋታ

ቤተ ሰብ በዕረፍት ቀን አንድነት ሆኖ አገሩን ማየቱ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ዳሩ ግን አባት የሚወደውን ልጅ አይወደውም፤ ልጅ የሚወደውንም አያት አትወደውምና ጉዞው ሳይጀመር ክርክሩ ይጀመራል።

በ2007 ዓ.ም. በሰኔ ወር ከባለቤታችን፣ ከእናታችንና ከልጃችን ጋራ ወደ ባሕር ዳር በወረድን ጊዜ እንዲሁ ሆነ። እናታችን በዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሊሳለሙ አሰቡ፤ እኛ የቤዛዊትን ቤተ መንግሥት ለማየት ፈለግን፤ የ13 ዓመት ልጃችን ግን ከእሑዱ የኳስ ጨዋታ በቀር ሌላ ነገር አይናገርም ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ በጀልባ ተሻግረን ኪዳነ ምሕረትን ከተሳለምን በኋላ፣ ከቀትር በኋላ ወደ ቤዛዊት ወጣን። ቤተ መንግሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዘመናቸው ያሠሩት ነው። ዘበኞቹ ወደ ውስጥ እንዳንገባ፣ ፎቶግራፍም እንዳናነሣ በትሕትና ነገሩን፤ ስለዚህ የአትክልቱን ስፍራ በአጥር ማዶ ብቻ ተመለከትነው። ይሁን እንጂ ከኮረብታው በታች የሚታየው በአጥሩ ውስጥ ካለው ሳይበልጥ አይቀርም። ዓባይ ከጣና ወጥቶ በደንገሉ መካከል ድምፅ ሳያሰማ ይሄዳል፤ ያ ዝምተኛ ውሃ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ በጢስ ዓባይ የሚያገሣ መሆኑን ያላየ ሰው አያምንም።

ልጃችን «እዚህ ማን ይኖራል?» ሲል ጠየቀን። «ንጉሡ ነበሩ» አልነው። «ታዲያ እሳቸው ከሌሉ ለምን አይከፍቱልንም?» አለ። እናታችን ሳቁ። እኛ በፍርድ ቤት ብዙ ክርክር ስንጽፍ ኖረናል፤ እንዲህ ያለ አጭር አቤቱታ ግን ገጥሞን አያውቅም።

በማግሥቱ እሑድ ሰኔ 7 ቀን ኢትዮጵያና ሌሶቶ ለአፍሪቃ ዋንጫ ማጣሪያ በባሕር ዳር ስታዲየም ተጋጠሙ። የስታዲየሙ ሥራ ገና አልተፈጸመም ነበር። ከማደሪያችን አልወጣም ብለው የነበሩት እናታችን ነጠላቸውን ተከናንበው ከሕዝቡ መካከል ተቀመጡ። ኢትዮጵያ 2 ለ 1 ስታሸንፍ ሁለተኛው ጎል በገባ ጊዜ የእናታችን እልልታ ከወጣቶቹ ጩኸት በላይ ተሰማ።

በ2012 ዓ.ም. አይቮሪ ኮስት በዚያው ሜዳ 2 ለ 1 ተሸነፈች። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ደቡብ አፍሪቃ 3 ለ 1 አሸነፈችን። ከዚህ በኋላ የአፍሪቃ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሜዳው ደረጃውን አያሟላም ብሎ ስለ ከለከለ፣ ባለ አገሩ ቡድን ባገሩ ሊጫወት የሚገባውን ጨዋታ በሰው አገር መጫወት ጀመረ። ኅዳር 2 ቀን ከጋና ጋራ 1 ለ 1 የተለያየው በጆሐንስበርግ ነው። ልጃችን በዚያን ጊዜ ለእንጀራ ፍለጋ በዚያው ከተማ ይኖር ስለ ነበር፣ ጨዋታውን ከአገሩ ልጆች ጋራ በቴሌቪዥን አይቶ ስልክ ደወለ። ወራቱ የጦርነት ወራት ነበርና፣ ውጤቱን ከመናገሩ አስቀድሞ የጠየቀን የቤታችንን ደኅንነት ነው።

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን። በዓባይ ዳር መሆን ይገባው የነበረው ይህ ጨዋታ የሆነው በማላዊ፣ በሊሎንግዌ ከተማ ነው! ያን ማታ ልጃችን ደወለ፤ እናታችን ስልኩን ተቀብለው ስለ ኳሱ አንድም ቃል ሳያነሡ «መቼ ትመጣለህ?» አሉት።

«ሜዳው ሲታደስ፣ እማማ» አለ።

እናታችንም ስለ ሜዳው ዕድሳት የሚወራውን ሁሉ እየጠየቅን እንድንነግራቸው አዘዙን።